ስህተታቸውን ያልሸሸጉት የእንቅርት ሐኪም

ደብረ ማርቆስ፦ የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጉም ይለብሳል። ከጉያው የሚፈልቁት ወንዞች ቁልቁል ወርደው ከዓባይ ይቀላቀላሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ የተራራውን አፈር ያጥባል፤ ከአፈሩም ጋር በዓይን የማይታይ፣ በምላስም የማይለይ አንድ ንጥረ ነገር ይዞ ይወርዳል። ስሙ አዮዲን ነው። አዮዲን በተለየው መሬት ላይ የበቀለ እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ ከዚያው መሬት ሣር የጋጠች ላም ወተትም እንዲሁ ነው። በሰው አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ግን ያለ አዮዲን ሥራዋን መሥራት አይቻላትም። ባጣች ጊዜ ያለውን ጥቂቱን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች። የደጋው ሰው ይህን እብጠት እንቅርት ብሎ ሰይሞት ኖሯል። በሽታው በሀገሩ ምን ያህል እንደቆየ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው አባባል ብቻውን ይመሰክራል።

እብጠቱ ለዓይን ይታያል። ከእብጠቱ ጀርባ ያለው ችግር ግን አይታይም፤ እብጠት በሌለበትም ሊኖር ይችላል። ዕጢዋ የምታመነጨው ሆርሞን የሰውነትን ፍጥነት የሚወስን ነው፤ የልብን ምት፣ የገላን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የአእምሮን ንቃት። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም አብሮ ይዘገያል። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እንጀራ ትጋግር የነበረች እመቤት ረፋዱ ላይ እንኳ ከመኝታዋ መነሣት ይከብዳታል። ሌላው ሲሞቀው እሷ ጋቢ ደርባ እሳት ዳር ትቀመጣለች። ፊቷ ያብጣል፤ ድምጿ ይሻክራል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ነገር ትረሳለች፤ ጨዋታ ትጠላለች፤ ያለ ምክንያት ዕንባ ይመጣባታል። ጎረቤት ሰነፈች ይላል። አንዱ ዓይን ነው፣ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። ሐኪም ዘንድ የደረሰች እንደሆነም ድባቴ ነው ተብላ መድኃኒት ይሰጣት ይሆናል፤ መድኃኒቱን ለወራት ብትውጥም ለውጥ አታይም። የሕመሟ ምንጭ አንገቷ ላይ ያለችው ዕጢ ልትሆን እንደምትችል የሚጠረጥር ሰው ካላገኘች ዘመኗን በዚያው ትገፋለች።

ይህች ዕጢ ከሰውነት ስትለይ ሰውን ምን እንደምታደርገው ለዓለም ከገለጡት ሐኪሞች ዋነኛው የሌላ ደጋ ሰው ነበሩ። ሀገራቸው ስዊዘርላንድ፣ ከተማቸው በርን፣ ስማቸው ኤሚል ቴዎዶር ኮኸር ይባላል። ነገሩን የተረዱትም በገዛ እጃቸው ካደረሱት ጉዳት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮኸር ኦገስት 25 ቀን 1841 በበርን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩ። እናታቸው የሞራቪያን ቤተ ክርስቲያን አባል፣ ጸሎት የማያጓድሉ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸውም ያንን እምነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ኖሩ። ሕክምናን በዚያው በበርን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከጨረሱ በኋላ የዘመኑ ታላላቅ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ወደ በርሊን፣ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ተጓዙ። በ1872 የበርን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰርነት ቦታ ክፍት ሆነ። ፋኩልቲው ሌላ ሰው ፈልጎ ነበር፤ ተማሪዎቹና የከተማው ሰው ግን የሀገራቸውን ልጅ ደገፉ፤ መንግሥትም እርሳቸውን ሾመ። ያን ጊዜ ገና የ30 ዓመት ሰው ነበሩ። ኢንዝልሽፒታል በሚባለው አሮጌ ሆስፒታል በዚያ ወንበር 45 ዓመት ተቀመጡ።

በርን የእንቅርት ሀገር ነበረች። የአልፕስ ተራሮች በበረዶና በጎርፍ ታጥበው አዮዲን የራቃቸው ናቸው፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ እንቅርት የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። እንቅርቱ አድጎ አየር ቧንቧን ሲጫን በሽተኛው ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ቀዶ ማውጣት ደግሞ ከበሽታው የባሰ ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንቅርት ከተቀደደላቸው ከመቶው አርባ ያህሉ ይሞቱ ስለነበር የፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ ሥራውን እስከ ማውገዝ ደርሷል። ዕጢዋ በደም ሥር የተከበበች ናት፤ ቢላዋ ከነካት ደሙ የሐኪሙን ዓይን ይጋርደዋል።

ኮኸር ይህን ያሸነፉት በትዕግሥት ነው። በዘመኑ የሐኪም ጉብዝና በፍጥነት ይለካ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዝግታ ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱን የደም ሥር ከመቁረጣቸው በፊት ይይዙታል፤ ያሥሩታል፤ ከዚያ በኋላ ይቆርጡታል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ያስተማሩትን ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴ ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ነበሩ። ደም ሥር የሚይዙበት መቆንጠጫ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ሀገራችን ውስጥም ቀዶ ጥገና ክፍል የገባ ነርስ ኮኸር ሲባል ምን እንደሚያቀብል ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ከአሥር በላይ የነበረው የበሽተኞቻቸው ሞት በስተመጨረሻ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። በሕይወት ዘመናቸው ያከናወኑት የእንቅርት ቀዶ ጥገና 5 ሺህ ያህል ደርሷል።

ዝናቸው ገና በመውጣት ላይ ሳለ ነበር የከበደው ነገር የመጣው።

በጃንዋሪ 1874 አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ወደ ኮኸር ቀረበች። እንቅርቷ ተቀደደ፤ ዕጢዋ ምንም ሳይቀር ተነቅላ ወጣች። ቁስሉ በመልካም ዳነ፤ ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከጊዜ በኋላ ልጅቷን ወደ ኮኸር የላከው ሐኪም፣ ጠባይዋ ተለውጧል፣ ፈዛለች፣ ተክዛለች የሚል ወሬ አሰማ። ኮኸር እንደገና ያዩዋት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ዕጢን ሙሉ በሙሉ መንቀል የተሻለ ሕክምና መስሏቸው በሌሎች በርካታ ሰዎችም ላይ ፈጽመውታል።

በ1882 መገባደጃ ላይ የጄኔቫው ሐኪም ዣክ ልዊ ሬቨርዳን፣ እርሳቸውም እንቅርት የሚቀዱ ናቸው፣ ከኮኸር ጋር ሲገናኙ አንድ ነገር አነሡላቸው። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ከወራት በኋላ ይለወጣሉ፤ ይዝላሉ፤ ፊታቸው ያብጣል፤ አእምሯቸው ይፈዝዛል። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ሰምቶ ያልፈው ነበር። የቆሰለው አንገት ድኗል፤ በሽተኛው አልሞተም፤ በመዝገብ ላይ የሠፈረው ዳነ የሚል ነው። ኮኸር ግን መዝገባቸውን ገለጡና የቀደዷቸውን ሰዎች ተመልሰው እንዲመጡ ጠሩ። የዚህ ሰው ታላቅነት ከቢላዋቸው ይልቅ በዚህ ጥሪ ላይ ይታያል።

ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው 34 ነበሩ፤ ጥሪውን ሰምተው ከመጡት 18ቱ ውስጥ ደኅና ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት 16ቱ እጅና እግራቸው የከበደ፣ ብርድ የማይለቃቸው፣ ንግግራቸው የተንቀራፈፈ፣ ፊታቸው ያበጠና የገረጣ፣ ሐሳባቸው ቀስ ብሎ የሚመጣ ሰዎች ሆነው ቆሙ። ከመጡት መካከል ያቺ ልጅ ነበረች፤ አሁን የሃያ ዓመት ወጣት ናት። አብራት ታናሽ እህቷ መጥታለች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለቱ ተመሳሳይ ከመሆናቸው የተነሣ መለየት ያስቸግር ነበር። አሁን ታናሺቱ አድጋ የደረሰች ቆንጆ ሆናለች፤ ታላቂቱ ግን ቁመቷ በልጅነቷ ቀርቶ፣ አእምሮዋ ፈዝዞ፣ ከእህቷ አጠገብ ቆማለች። ሐኪሙ የሠሩትን ሥራ ከዚህ በላይ የሚያሳያቸው መስተዋት አልነበረም።

ኤፕሪል 4 ቀን 1883፣ ኮኸር በርሊን በጀርመን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። በዚያ ጉባኤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ድላቸውን ነው። ኮኸር ያከናወኗቸውን 101 የእንቅርት ቀዶ ጥገናዎች ከዘረዘሩ በኋላ የደረሰውን ጉዳት አንድ በአንድ ተናገሩ፤ የካንሰር በሽታ ካልሆነ በቀር ከእንግዲህ ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ እንደማያወጡም አስታወቁ። በዚያው ዓመት ከተጎዱት ለአንዱ ከሌላ ሰው የወጣ የታይሮይድ ሥጋ ሰውነቱ ውስጥ ተከሉለት፤ የወሰዱትን ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነበር።

ምክንያቱን በተመለከተ ግን ኮኸር በመጀመሪያ ተሳስተዋል። ቀዶ ጥገናው የአየር ቧንቧን ጎድቶ ሰውነት አየር እንዲያጥረው ያደረገ መስሏቸው ነበር። ትክክለኛውን ነገር የጠረጠሩት ለንደን የነበሩት ሐኪም ፊሊክስ ሲሞን ናቸው፤ የኮኸር በሽተኞች፣ ከልጅነታቸው የደነዘዙት የተራራ ሰዎችና በእንግሊዝ ሀገር ያለ ቀዶ ጥገና ሲያብጡና ሲፈዝዙ የታዩት ሴቶች ሦስቱም አንድ በሽታ አለባቸው፤ እርሱም የዕጢዋ ሥራ መጥፋት ነው አሉ። ብዙዎች ሳቁባቸው። በለንደን የተቋቋመ ኮሚቴ ጉዳዩን ለዓመታት መርምሮ በ1888 ባወጣው ዘገባ የሲሞን ሐሳብ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ያው ዘገባ ሌላም ነገር ይዟል፤ ከበሽተኞቹ ግማሽ በሚያህሉት ላይ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ወይም የተዛባ እምነት ተገኝቷል። የአንገት ዕጢና የአእምሮ ሕመም በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለመስማት ያሳዝናል። አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሊቅ ዊሊያም ሃልስቴድ ኋላ እንደጻፉት፣ የቪየናው ቢልሮት በሽተኞች የዚህ ዓይነት መፍዘዝ ብዙም አልደረሰባቸውም። ቢልሮት በፍጥነትና ብዙ ደም እየፈሰሰ ይሠሩ ስለነበር የዕጢዋን ቁራጭ ሳያዩት ይተዉ ነበር። ኮኸር ግን ንጹሕና ጥንቁቅ ስለነበሩ ምንም አላስቀሩም። ያን ያህል ጉዳት ያደረሰው ጥንቃቄያቸው ነው።

መፍትሔው ከበግ ተገኘ። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባሉ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም የበግ ታይሮይድ ጭማቂ አዘጋጅተው ዕጢዋ ለከሰመባት አንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጧት። ሴትዮዋ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቷ ተመለሰ፤ ንግግሯ ተፍታታ። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ ነው ያረፈችው። ወዲያው ጭማቂውን በአፍ መውሰድም እንደሚሠራ ታወቀ። በ1914 በገና ዕለት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለይተው አወጡት፤ ታይሮክሲን ተባለ። ዛሬ በትንሽ እንክብል በየቀኑ በባዶ ሆድ የሚወሰደው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ከታወቀም በኋላ በሽታውን ድባቴ ወይም እብደት ብሎ ማለፍ አልቀረም። በ1949 የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ አሸር የአእምሮ ሕመም አለባቸው የተባሉ 14 በሽተኞችን ታሪክ አሳተሙ። ሁሉም የታይሮይድ ሆርሞን ያነሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ሆርሞኑ ሲሰጣቸውም አብዛኞቹ ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለመድኃኒት አልበገር ያለ ድባቴ የገጠመው ሐኪም ሌላ መድኃኒት ከመደረቡ በፊት የታይሮይድን የደም ምርመራ፣ በተለይም ቲኤስኤች የሚባለውን፣ ማዘዝ ልማድ ሆነ። ምርመራው ጥቂት ደም ብቻ ይፈልጋል።

የድባቴ ሁሉ ምንጭ ታይሮይድ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ዘንድ ዕጢዋ ደኅና ናት። ይሁንና ዕጢያቸው ደኅና በሆነችው ሰዎች ላይም ሆርሞኑ ተሞክሯል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቲ3 የሚባለውን ፈጣን የታይሮይድ ሆርሞን ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲያዳብሉ ቆይተዋል። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2006 በታተመ ጥናት ሁለት ሕክምና ሞክረው ላልተሻላቸው 142 ሰዎች ለከፊሎቹ ይህ ሆርሞን፣ ለከፊሎቹ ሊቲየም ተጨመረላቸው። ሆርሞኑን ከወሰዱት ከአራቱ አንዱ ገደማ፣ ሊቲየም ከወሰዱት ደግሞ ከስድስቱ አንዱ ገደማ ከሕመሙ ወጡ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው፤ ተስፋው ትልቅ አይደለም፤ ሦስተኛ ደጅ ለሚያንኳኳ ሰው ግን ተስፋ ነው። ሊቲየም ራሱ ታይሮይድን የሚያዳክምበት ጊዜ ስላለ የሚወስደው ሰው ዕጢው በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። ሳያስፈልገው ሆርሞኑን የሚውጥ ሰው በበኩሉ ልቡንና አጥንቱን ይጎዳል፤ ከጎረቤት የሚዋሱት መድኃኒት አይደለም። ጸበል የሚጠመቅ ታማሚም ቢሆን ጸበሉን ሳይተው ደሙን ማስመርመር ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ኮኸር ሲሸመግሉ በርን የዓለም የእንቅርት መዳኛ ሆነች። ከአሜሪካና ከሩሲያ ሐኪሞች ሊማሩ ይመጡ ነበር። በ1913 ሌኒን ባለቤታቸውን ናዴዥዳ ክሩፕስካያን ይዘው የመጡት ወደ እርሳቸው ነው። በ1909 የታይሮይድን ሥራ፣ በሽታና ቀዶ ጥገና በመመርመራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በሕክምና ዘርፍ ሽልማቱን ያገኙ የመጀመሪያው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኑ። ከሦስት ዓመት በኋላ በርን ውስጥ የምርምር ተቋም እንዲሠራ 200 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ለዩኒቨርሲቲያቸው ሰጡ። ጠባያቸው ቁጥብ ነበር፤ ከጸሎትና ከሥራ ውጭ ያለውን ነገር ብዙም አይወዱም ይባላል። ልጃቸው አልበርትም የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኖ አጠገባቸው ሠርቷል።

ቀዶ ጥገናው ቢሻሻልም እንቅርት ራሱ ከበርን ሸለቆዎች አልወጣም። ኮኸር የተማሪዎችን አንገት እያስመረመሩ በሽታው ከየትኛው ውኃና አፈር ጋር እንደሚሄድ ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ነገሩ ከመሬቱ መሆኑን ጠርጥረው ነበር። በጁላይ 1917 መጨረሻ፣ በ75 ዓመታቸው፣ አንድ አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ሠርተው ታመሙ፤ ከቀናት በኋላ ጁላይ 27 አረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1922 ስዊዘርላንድ በገበታ ጨው ላይ እጅግ ጥቂት አዮዲን መጨመር ጀመረች። እንቅርት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ከዚያ ወዲያ እያነሱ ሄዱ፤ ኮኸር 5 ሺህ ጊዜ በቢላዋ የገጠሙትን በሽታ ጨው ጨረሰው።

ጎጃምም ጨው አጥቶ አያውቅም። በጥንቱ ዘመን አሞሌ ከአፋር ዝቅታ ተነሥቶ በበቅሎና በአህያ ጀርባ እስከ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘር ነበር። ጨው ሁሉ ግን አዮዲን አለው ማለት አይደለም፤ በተፈጥሮው ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ በ1998 የተነሣው ጦርነት ያን መንገድ ሲዘጋ ሀገሪቱ በአፍዴራ ጨው ላይ ተደገፈች፤ አዮዲኑም ቀረ። በ2005 በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከአምስቱ ሁለቱ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ።

አዮዲን በጨው ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ያሳጡታል። ከምድጃ አጠገብ ክዳን በሌለው ቅል የተቀመጠ፣ ወይም በገበያ ላይ በተከፈተ ጆንያ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጨው ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከእሳት ርቆ ከተቀመጠና ወጡ ሊወጣ ሲል ከተጨመረ አዮዲኑ አብዛኛው ከምግቡ ጋር ይደርሳል።